የት እንገናኝ? የአንድ ተራ ጥያቄ የአራት መቶ ዓመት ጉዞ

“የት እንገናኝ?” የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ ወጣቶች የስልክ ጨዋታ ውስጥ ከሰላምታ ቀጥሎ ሳይመጣ አይቀርም። አንዱ ሳሪስ ነው፤ ሌላዋ ስድስት ኪሎ፤ ሌላው ኮንዶሚኒየም ደርሶት አያት ወጥቷል። “እዚያ ድረስ ማን ይመጣል?”፣ “አንተ ሁሌም ለራስህ የሚቀርብህን ነው የምትጠራው”፣ “በቃ መገናኛ ይሁን!” ይባባላሉ። ለሁለት ሰዓት ጨዋታ የአንድ ሰዓት ክርክር። በመጨረሻ የሚያሸንፈው ወይ ድምፁ ጎላ ያለው ነው፣ ወይ መኪና ያለው።

እኛ ግን ይህን ጥያቄ ዛሬ በቁም ነገር ልንይዘው ነው። ምክንያቱም ታሪክ አለው። የሒሳብ ሊቃውንት፣ የምጣኔ ሀብት ምሁራን፣ ኋላም የኮምፒውተር ሰዎች ለአራት መቶ ዓመት ያህል ተፈራርቀውበታል። ደግሞም የቡና ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጤና ጣቢያው የት ይሠራ? ትምህርት ቤቱ የት ይሁን? የእሳት አደጋ ጣቢያው ለማን ይቅረብ? ብለን ስንጠይቅ የምንጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ነጥቦች

ነገሩ የሚጀምረው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ፒየር ደ ፌርማ በሙያው የሕግ ሰው ነበር። ቱሉዝ በሚገኘው ፍርድ ቤት እየሠራ ሒሳብን በትርፍ ጊዜው ይጫወትባት ነበር። በ1640ዎቹ ለዘመኑ ሊቃውንት አንድ ጥያቄ ወረወረ። ሦስት ነጥቦች አሉ፤ ከሦስቱም ያለው ርቀት ሲደመር ከሁሉ የሚያንስበትን አራተኛ ነጥብ ፈልጉ።

ጥያቄው ጣሊያን ደረሰ። የአየር ግፊት መለኪያን የሠራው ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ መልሱን አገኘ። ቶሪቼሊ በ1647 ሲሞት ተማሪው ቪቪያኒ በ1659 አሳተመለት። መልሱ ውብ ነው። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትቆሙ ሦስቱን ጓደኞቻችሁን የምታዩባቸው አቅጣጫዎች እኩል ይከፋፈላሉ፤ በየሁለቱ መካከል ልክ 120 ዲግሪ ይሆናል። የመርሴዲስን ምልክት አስቡት። መሃሉ ላይ ያለችው መጋጠሚያ የቀጠሮው ቦታ ናት። አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ። ሦስቱ ቤቶች የሚሠሩት ሦስት ማዕዘን አንዱ ጥጉ 120 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ መፈለጉ ያበቃል፤ ጥጉ ላይ ያለው ጓደኛ ቤት ራሱ መልሱ ነው። ሁለቱ ይሄዳሉ፣ አንዱ ቡና ያፈላል።

ፋብሪካው የት ይተከል?

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ለረጅም ጊዜ የሊቃውንት መዝናኛ ሆኖ ቆየ። ወደ ገበያ ያወጣው ጀርመናዊው አልፍሬድ ዌበር ነው። የታዋቂው የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቅ የማክስ ዌበር ወንድም መሆኑን ልብ ይሏል። በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ የጠየቀው ይህን ነው፦ የድንጋይ ከሰሉ አንድ ቦታ፣ የብረት ማዕድኑ ሌላ ቦታ፣ ገበያው ሦስተኛ ቦታ ቢሆን ፋብሪካው የት ቢተከል የማጓጓዣው ወጪ ይቀንሳል? እዚህ ላይ ነጥቦቹ እኩል አይደሉም። ብዙ ጭነት የሚመጣበት ነጥብ አብዝቶ ይጎትታል።

ይህን ያለ ምንም ሒሳብ ማየት ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሱ። በየቀዳዳው ገመድ አሾልካችሁ ከታች ድንጋይ አንጠልጥሉበት፤ የጭነቱ መጠን በድንጋዩ ክብደት ይለካ። ከላይ ሦስቱን ገመዶች በአንድ ቋጠሮ እሰሩና ልቀቁት። ቋጠሮው ወዲያ ወዲህ ተጎትቶ የሚቆምበት ቦታ መልሱ ነው። ጠረጴዛው ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

የዌበርን መጽሐፍ የሒሳብ ክፍል የጻፈለት የፕራጉ ፕሮፌሰር ጌኦርግ ፒክ ነበር። ፒክ አይሁዳዊ ነው። በ1942 ናዚዎች ወደ ቴሬዝየንሽታት ማጎሪያ ወሰዱት፤ በ82 ዓመቱ እዚያው ሞተ።

ሁለት ስም ያለው ሰው

ሦስት ነጥብ ሲሆን በማስመሪያና በኮምፓስ ይሠራል። አምስት ጓደኛ ሲሆንስ? ሃያ ሲሆንስ? በ1937 የቡዳፔስት ልጅ የሆነው ወጣቱ የሒሳብ ሰው ኤንድሬ ዋይስፌልድ ጃፓን ውስጥ በሚታተም መጽሔት ላይ፣ በፈረንሳይኛ፣ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በመጀመሪያ የመሰላችሁን ቦታ ገምቱ። ከዚያ የሁሉንም ቤት አማካይ ውሰዱ፤ ግን አሁን ከገመታችሁት ቦታ የቀረበው ሰው ክብደት ይብዛ፣ የራቀው ይነስ። አዲስ ቦታ ይወጣላችኋል። ከዚያ ቦታ ተነስታችሁ እንደገና ስሩ። ደጋግማችሁ ስትሠሩ ነጥቡ እየተንፏቀቀ ወደ መልሱ ይጠጋል።

ጽሑፉን ግን ማንም ልብ አላለውም። በሃንጋሪኛ ያሰበውን፣ በፈረንሳይኛ ጽፎ፣ በጃፓን ያሳተመውን ወጣት ማን ያግኘው? በ1958ና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሌሎች ሰዎች የእሱን ሥራ ሳያውቁ ያንኑ ዘዴ እንደ አዲስ ፈለሰፉት። ዋይስፌልድስ የት ገባ? እሱም አይሁዳዊ ነበርና ከአገሩ ተሰድዶ አሜሪካ ገብቷል። ስሙም አንድሩ ቫዦኒ ሆኗል፤ በሥራ አመራር ሳይንስ ዘርፍም ስመ ጥር ሆኗል። ለሁሉም የሚቀርበውን ቦታ ማግኘት ያስተማረን ሰው ለራሱ አገሩ ላይ ቦታ አጣ።

ይህ መንፏቀቅ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። በ1988 ቻንድራጂት ባጃጅ የተባለ ተመራማሪ አንድ ነገር አረጋገጠ። ነጥቦቹ አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሥር በማውጣት ብቻ ሁልጊዜ መልሱን የሚሰጥ ቀመር የለም፤ ወደፊትም አይገኝም። አምስት ጓደኞች ቡና ለመጠጣት ቦታ ሲጣሉ ብታዩ እንግዲህ አትፍረዱባቸው።

መሃሉ የማን ነው?

እስካሁን “ከሁሉ የተሻለ” ስንል ድምሩ ያነሰ ማለታችን ነበር። ግን ማን ነው እንዲህ ብሎ የፈረደው? እንግሊዛዊው ጀምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር በ1857 በአንድ ዓረፍተ ነገር ሌላ ጥያቄ አቀረበ። የተሰጡትን ነጥቦች ሁሉ የሚይዝ ከሁሉ ያነሰውን ክብ ፈልጉ አለ። የዚያ ክብ መሃል ሌላ ዓይነት የቀጠሮ ቦታ ነው። ድምሩን አያይም፤ የሚያየው ከሁሉ የራቀውን ሰው ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አምስት ጓደኞች ይኖራሉ እንበል። አራቱ በመንገዱ ጫፍ ተጠጋግተው በ0፣ በ1፣ በ2 እና በ3 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። አምስተኛው ኮንዶሚኒየም ደርሶት 14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወጥቷል።

ድምሩ ይነስ ካልን ቦታው 2ኛው ኪሎ ሜትር ነው። ጠቅላላ ጉዞው 16 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 12ቱን የሚሄደው ግን ያ አንድ ሰው ነው። የራቀው ሰው አይጎዳ ካልን ቦታው 7ኛው ኪሎ ሜትር ይሆናል። ማንም ከ7 በላይ አይሄድም፤ ጠቅላላው ጉዞ ግን ወደ 29 ያድጋል። አማካይ እንውሰድ የሚል አስታራቂ ቢመጣ 4ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያቆመናል፤ ድምሩ 20፣ የራቀው ሰው ጉዞ 10።

አሁን አምስተኛው ጓደኛ ቤቱን ሸጦ 24ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወጣ እንበል። የመጀመሪያው መልስ ይንቀሳቀሳል? ንቅንቅ አይልም! አሁንም 2ኛው ኪሎ ሜትር ነው። መቶኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቢሄድም ያው ነው። የድምር ሒሳብ የሚሰማው ስንት ሰው በየት በኩል እንዳለ እንጂ ምን ያህል እንደራቀ አይደለም። ብዙኃኑ ተጠጋግተው ከተቀመጡ ዳር የወጣው ሰው ድምፅ አይኖረውም።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከተማ ስትሰፋ ድሃውና ወጣቱ ወደ ዳር ይወጣል፤ ቢሮውና ሆስፒታሉ ግን መሃል ይቀራል። “በአማካይ ለሕዝቡ ቅርብ ነው” የሚል ሪፖርት እውነት ሆኖ ሳለ የአንድ ሰፈር ሰው ግማሽ ቀኑን መንገድ ላይ ሊጨርስ ይችላል። ሒሳቡ አልዋሸም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ወፍ አይደለንም

ሌላም ችግር አለ። ፌርማም ዌበርም የለኩት በቀጥታ መስመር ነው። እኛ ደግሞ አንበርም፤ በመንገድ ነው የምንሄደው።

ይህን ቀድሞ የተረዳ አንድ ሐኪም ነበር። በ1854 ለንደን ውስጥ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ጨረሰ። ዶክተር ጆን ስኖው ሟቾቹን በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጠ። ነጥቦቹ የብሮድ ስትሪትን የውሃ ፓምፕ ከበው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት ባሻሻለው ካርታ ላይ ደግሞ አንድ መስመር አሠመረ። ወደ ብሮድ ስትሪቱ ፓምፕና ወደ ሌላ ፓምፕ ለመድረስ በእግር የሚወስደው መንገድ እኩል የሚሆንበትን ወሰን ማለት ነው። ሞቱ የበዛው በዚያ ወሰን ውስጥ ነበር። ስኖው የለካው የወፍን መንገድ ሳይሆን እንስራ የያዘ ሰው የሚሄድበትን ነው።

በ1964 ደግሞ ትውልዱ ኢራናዊ የሆነው የአሜሪካው ፕሮፌሰር ሉዊስ ሐኪሚ የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ የት ይተከል ብሎ ሲያጠና አንድ የሚገርም ነገር አረጋገጠ። በመንገድ መረብ ላይ ድምሩን የሚያሳንሰውን ቦታ ስትፈልጉ መንገዱን ሁሉ ማሰስ አያስፈልግም። ከምርጦቹ ቦታዎች ቢያንስ አንዱ ሁልጊዜ ወይ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ወይ ከሰዎቹ የአንዱ መነሻ ላይ ይገኛል። የራቀው ሰው አይጎዳ ካላችሁ ግን ቦታው ከመንገዱ መሃል፣ ከሁለት መስቀለኛ መንገዶች መካከል ሊወድቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ፈገግ ሳንል አላለፍንም። “በቃ መገናኛ ይሁን” የሚለው አዲስ አበቤ ሐኪሚን አላነበበም፤ ግን ቀጠሮውን መስቀለኛ መንገድ ላይ ማድረጉ ልክ ነው። መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ አራት ኪሎ የቀጠሮ ቦታ የሆኑት የታክሲ መስመሮች ስለሚጋጠሙባቸው ነው። መንገድ ሲለወጥ ደግሞ ቅርብና ሩቅ ይለወጣል። በ2015 ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር በመስመሩ ላይ ላለ ሰው ሩቁ ቀረበ፤ ሐዲዱ በመሬት ላይ በሚያልፍበት ሰፈር ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤት ዞሮ የሚደረስበት ሆነ። በካርታ ላይ ግን ሁለቱ ቤቶች ያው ሃምሳ ሜትር ናቸው።

ካርታው ማሽን ውስጥ ሲገባ

ኮምፒውተር መጥቶስ? በመጀመሪያ ብዙም አልረዳም። የመረጃ ቋት ስም በፊደል ተራ፣ ደሞዝ በቁጥር ተራ መደርደር ያውቅበታል። ቦታን ግን በምን ተራ ትደረድረዋለህ? ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብትደረድር በሰሜንና በደቡብ የተራራቁት ጎን ለጎን ይወድቃሉ።

በ1974 ራፋኤል ፊንክልና ጆን ቤንትሊ ካርታን በአራት፣ እያንዳንዱን ሩብ እንደገና በአራት እየከፈሉ የማስቀመጥን ዘዴ አመጡ። በ1984 ደግሞ አንቶኒን ጉትማን የተባለ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰው “አር ትሪ” የሚባለውን አወጣ። ዛሬም በቦታ መረጃ ቋቶች ውስጥ የሚሠራው ይኸው ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤት በወረዳ፣ ወረዳ በክፍለ ከተማ እንደሚታቀፈው ሁሉ፣ ተቀራራቢ ቦታዎች በአንድ አራት ማዕዘን ይታቀፋሉ፤ አራት ማዕዘኖቹም በሌላ ትልቅ አራት ማዕዘን ውስጥ ይገባሉ። አንድ ቤት ስትፈልጉ የማይመለከታችሁን ክፍለ ከተማ በሙሉ ሳታዩት ትዘሉታላችሁ። በ1995 ኒክ ሩሶፑሎስና ባልደረቦቹ በዚህ ዛፍ ላይ “ለእኔ የሚቀርበኝ የትኛው ነው?” የሚለውን ጥያቄ በፍጥነት መመለስ እንደሚቻል አሳዩ።

“ለእኔ” የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን። ዛሬ ስልካችን ላይ “ቅርብ ያለ ምግብ ቤት” ብለን ስንፈልግ የምናገኘው መልስ የዚህች ቃል ልጅ ነው። “ለእኛ” የምትለዋ ጥቂት ዓመታት ጠበቀች።

“ለእኛ” የሚለው ጥያቄ

በ2004 ከሆንግ ኮንግ አራት ተመራማሪዎች፣ ዲሚትሪስ ፓፓዲያስ፣ ቾንግማኦ ሼን፣ ዩፌ ታኦና ኪርያኮስ ሙራቲዲስ፣ ጥያቄውን በስሙ ጠሩት፦ የቡድን ቅርብ ጎረቤት ጥያቄ። እዚህ ላይ ከፌርማ ጋር አንድ ልዩነት አለ። የፌርማ ነጥብ የትም ሊወድቅ ይችላል፤ የሰው ሳሎን ውስጥም፣ ወንዝ መሃልም። የእነዚህ ግን መልሱ ካሉት ቡና ቤቶች ውስጥ መመረጥ አለበት።

ሦስት መንገድ አቀረቡ። አንደኛው ለእያንዳንዱ ጓደኛ ቅርብ ቅርቡን በየተራ እየፈለጉ ማወዳደር ነው። ሁለተኛው የቡድኑን መሃል እንደ ዋይስፌልድ በመንፏቀቅ ገምቶ ከዚያ ዙሪያ መፈለግ ነው። ሦስተኛው ጓደኞቹን በሙሉ በአንድ አራት ማዕዘን አቅፎ ዛፉን ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው። በአብዛኛው ፈጣኑ ይህ ሦስተኛው ሆኖ ተገኘ። ሚስጥሩ መጣልን ማወቁ ላይ ነው። እስካሁን ያገኘነው ምርጥ ቡና ቤት ጠቅላላ ጉዞው 16 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አንድ ሰፈር ከአምስታችንም ቢያንስ 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አምስት ጊዜ አራት ሃያ ነው። እዚያ ሰፈር ውስጥ አንድ ሺህ ቡና ቤት ቢኖርም አንዱንም ማየት አያስፈልግም።

በቀጣዩ ዓመት ሥራውን አሰፉት። ድምሩ ይነስ ለሚል፣ የራቀው ሰው አይጎዳ ለሚልም እንዲመልስ አደረጉት። በወፍ በረራ ሳይሆን በመንገድ መረብ ላይ የሚሠራውም በዚያው በ2005 ወጣ። ፌርማ፣ ሲልቬስተር፣ ስኖውና ሐኪሚ በአንድ ማሽን ውስጥ ተገናኙ። ማሽኑ ግን ድምሩን ወይስ የራቀውን ሰው እንደሚያስቀድም ራሱ አይመርጥም፤ ከጠያቂው ይቀበላል።

ቤትህን ንገረኝ

የዚህ ሁሉ ዋጋ ደግሞ አለ። መሃሉን ለማወቅ እያንዳንዱ ሰው ያለበትን መናገር አለበት። ለጓደኛ መናገር አንድ ነገር ነው፤ ለማይታወቅ ድርጅት ማሽን መናገር ሌላ ነው። በ2010 ታንዚማ ሀሼምና ባልደረቦቿ ቡድኑ የማንንም ትክክለኛ ቦታ ሳያወጣ መልስ የሚያገኝበትን ዘዴ አቀረቡ። እያንዳንዱ “እዚህ ነጥብ ላይ ነኝ” ከማለት “በዚህ አካባቢ ውስጥ ነኝ” ይላል። ማሽኑ የሚሆኑትን ቡና ቤቶች ይዘረዝራል፤ ምርጡን ጓደኛሞቹ ራሳቸው ያጣራሉ። ይቻላል ማለት ነው። በየስልካችን የጫንናቸው መተግበሪያዎች እንዲህ ያደርጋሉ ወይ ብሎ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ማኅበርተኞቹ ያወቁት

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ አንድ ነገር ይጋራሉ። ቦታው አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው ብለው ይነሳሉ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ግን በጽዋ ማኅበር ሌላ መልስ ይዘው ኖረዋል። ወሩ ሲደርስ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ዛሬ የሄደ ነገ ይመጡበታል። በሰሜን አሜሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽንም ከ1984 ወዲህ ዓመታዊ በዓሉን ከከተማ ወደ ከተማ ማዞሩ ያው ነው።

ይህ ዘዴ በሒሳብ ሲመዘን እንዴት ነው? ወደ አምስቱ ጓደኞቻችን እንመለስና አምስት ጊዜ ይገናኙ። ሁልጊዜ 2ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ጠቅላላው የመሄጃ ጉዞ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳር ያለው ሰው ብቻውን 60 ይሄዳል። ሁልጊዜ 7ኛው ላይ ከሆነ ጠቅላላው 145 ነው፤ ዳር ያለው 35 ይሄዳል። በየቤቱ ከዞሩ ደግሞ ጠቅላላው 120፣ ዳር ያለው 50። በሁለቱ መካከል ነው።

ዳር ያለው አሁንም ከሌሎቹ ይበልጥ ይደክማል። ግን በዙሩ ውስጥ አንድ ቀን ሌሎቹ አራቱ ተሰብስበው እሱ ቤት ይመጣሉ። ሠፈሩን ያያሉ፣ ታክሲው ስንት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ ያውቃሉ። የድምሩ ሒሳብ ይህን ቀን በጭራሽ አያመጣውም።

ደግሞ አንድ ዋስትና አለ። የትም ከተማ፣ ስንትም ሰው ቢሆን፣ በየቤቱ የመዞር ጠቅላላ ጉዞ ከምርጡ ቦታ ጉዞ ከእጥፍ ፈጽሞ አይበልጥም። ማስረጃው አጭር ነው። ከቤቴ ወደ ቤትህ በቀጥታ ስሄድ፣ በዚያ ምርጥ ቦታ በኩል ዞሬ ብመጣ ከምሄደው አይበልጥም። ያ ዙሪያ ጉዞ ደግሞ የእኔ ርቀትና የአንተ ርቀት ሲደመሩ ነው። ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ዙር ብንደምረው እያንዳንዱ ርቀት ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በቃ። ፍትሕ በጣም ውድ ነው የሚሉን ሰዎች ጣሪያውን ይወቁት፤ እጥፍ ነው።

ጤና ጣቢያ በእርግጥ ከቤት ወደ ቤት አይዞርም። ግን ቀጣዩ የት ይሠራ ሲባል ያለፈው ለማን እንደቀረበ መጠየቅ ይቻላል። ካርታ ይዘው “ምርጡ ቦታ ይህ ነው” የሚሉን ባለሙያዎች ሲመጡ እኛም የምንጠይቀው ይኖረናል። ምርጥ ያላችሁት ድምሩን አይታችሁ ነው ወይስ የራቀውን ሰው? የለካችሁት በበረራ ነው ወይስ በታክሲ? ባለፈው ጊዜስ ተራው የማን ነበር?

ቸር እንሰንብት።